ጊታር ከቅኝት የሚወጣው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ያየነው ትዕይንት ነው። የምረቃ ሰሞን ምሽት ነው፤ አዳራሹ በተማሪ ተሞልቷል። ጊታሪስቱ ከሰዓት በኋላ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ መሣሪያውን በጥንቃቄ ቃኝቷል፤ ከመድረኩ ጀርባም አንዴ ሞክሮታል፤ እንከን አላገኘበትም። መድረክ ላይ ወጥቶ የመብራቱ ግለት ሲያርፍበትና ሁለተኛው ዜማ ሲጋመስ ግን 3ኛው ክር ከድምፃዊዋ ጋር መጋጨት ይጀምራል። ጊታሪስቱ በችኮላ መቃኛውን ያዞራል፤ ይብስበታል። በማግስቱ ጓደኞቹ ምክር ያዋጣሉ። አንዱ «ክሩ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጊታሩን ለውጠው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ችግሩ ጆሮህ ነው» ብሎ ያሳፍረዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሦስቱም ፍርዶች ብዙውን ጊዜ የተሳሳቱ መሆናቸውን ነው። ጊታር ከቅኝት የሚወጣው በታወቁ ምክንያቶች ነው። ምክንያቶቹንም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ሊረዳቸው ይችላል። ምክንያቱን ያወቀ ጊታሪስት ያለ ፍላጎቱ ገንዘብ አያባክንም፤ በመድረክም ላይ በግምት አይባዝንም። በጽሑፋችን መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ከቅኝት ይልቅ እጅግ የከበዱ ሁለት ጉዳዮችን እናነሣለን፤ እነርሱም የኤሌክትሪክ አደጋና የጆሮ ጉዳት ናቸው። በእነዚህ ላይ በግምት መሥራት የሚያስከፍለው ዋጋ ከአንድ የተበላሸ ዜማ በላይ ነውና።

ሦስቱ መጠኖች

ፈረንሳዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. ከ1636 ጀምሮ ባሳተመው ስለ ሙዚቃ በጻፈው ሰፊ ሥራው ውስጥ የተወጠረ ክር ድምፅ በምን በምን እንደሚወሰን በግልጽ አስቀምጧል። ወሳኞቹ መጠኖች ሦስት ናቸው፤ የክሩ ርዝመት፣ የክሩ ውጥረትና የክሩ ውፍረት፣ ማለትም አንድ ሜትር የሚሆነው ክር የሚኖረው መጠነ ቁስ።

ክሩ ባጠረ መጠን በሰከንድ ውስጥ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ይጨምራል፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀነስ ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። ውጥረቱ ሲጨምርም ድግግሞሹ ይጨምራል፤ ነገር ግን ጭማሪው የውጥረቱን ስኩዌር ሩት ተከትሎ ነው። ስለዚህ ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱን እጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሩ በወፈረና በከበደ መጠን ደግሞ ድግግሞሹ ይቀንሳል። የጊታር ወፍራም ክሮች በቀጭን ሽቦ የተጠመጠሙት ለዚህ ነው፤ ጥምጥሙ ክሩን ሳያገትር ክብደቱን ብቻ ይጨምርለታል።

በተለመደው ቅኝት ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። የ6ኛው ክር ድግግሞሽ 82.4 ሄርዝ፣ የ5ኛው 110፣ የ4ኛው 146.8፣ የ3ኛው 196፣ የ2ኛው 246.9፣ የ1ኛው 329.6 ሄርዝ ነው። 110 ሄርዝ በዓለም አቀፍ ስምምነት የመቃኛ መነሻ የሆነው የ440 ሄርዝ አንድ አራተኛ መሆኑን ልብ ይሏል። በቀላል ክር የተወጠረ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ከ45 ኪሎግራም በላይ ክብደት የተንጠለጠለበትን ያህል ኃይል ይሸከማል። ይህ ሁሉ ኃይል በእንጨት፣ በሙጫና በስድስት ትንንሽ ጥርሶች ተይዞ የቆመ መሆኑን ስናስብ፣ ሊያስደንቀን የሚገባው ጊታር ከቅኝት መውጣቱ ሳይሆን በቅኝት ውስጥ መቆየቱ ነው።

የመብራቱ ግለትና 3ኛው ክር

አሁን ወደ መድረካችን እንመለስ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። የጊታር ክር ሲለጠጥ ደግሞ ሁለቱ ጫፎቹ የታሰሩ ስለሆኑ ርዝመቱ አይጨምርም፤ በዚያ ፋንታ ውጥረቱ ይላላል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። የማይጠበቀው ነገር ሁሉም ክሮች እኩል አለመውረዳቸው ነው።

በሙዚቃ አኩስቲክስ አንዱ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በጊታር አንገት ላይ ከአንዱ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ በ100 ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ሴንት ይባላል። የሠለጠነ ጆሮ አምስት ሴንት የሚያህል ልዩነት ይለያል። 648 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 1ኛ ክር ከእንጨቱ በፊት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ፣ ስሌቱ የሚሰጠን ወደ 14 ሴንት የሚጠጋ ዝቅታ ነው። ጥምጥም የሌለውና 0.43 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 3ኛ ክር በተመሳሳይ ሁኔታ ቢሞቅ ግን ወደ 40 ሴንት የሚጠጋ ይወርዳል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ሁለቱ ክሮች የሚሸከሙት ውጥረት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ወደ ሰባት ኪሎግራም ተኩል ክብደት ይሸከማሉ። ይሁን እንጂ 3ኛው ክር ወፍራም ስለሆነ ያንን ውጥረት ለመያዝ የተለጠጠው በጣም ጥቂት ነው። ትንሽ የተለጠጠ ክር ላይ ትንሽ የርዝመት ለውጥ ብዙ ውጥረት ያሳጣዋል። ብዙ ጊታሪስቶች «3ኛው ክር አመለኛ ነው» የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንባቢ ይህን በራሱ ሊፈትሽ ይችላል። በስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ ይክፈት፤ 3ኛውን ክር በትክክል ይቃኝ፤ ከዚያም ክሩን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በፍጥነት ያሻሸው። ወዲያውኑ ሲመታው መርፌው ወደ ታች ወርዶ ያገኘዋል፤ ጥቂት ሲቆይ ደግሞ ይመለሳል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ጊታሩ ከዝግጅቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከሻንጣው ወጥቶ በአዳራሹ አየር ውስጥ ይቆይ። የመጨረሻው ቅኝት ከመድረኩ ጀርባ በጨለማው ሳይሆን መብራቱ በርቶ ባለበት ቦታ ይደረግ። ከመቃኘቱም በፊት ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይመታ፤ የእጅ ሙቀት ክሩን ወደሚቆይበት ሁኔታ ያደርሰዋልና።

አዲስ ክርና አሮጌ ክር

አዲስ ክር ከመድረክ በፊት በነበረው ሰዓት መግጠም የጀማሪ ስሕተት ነው። በመቃኛው እንዝርት ላይ የተጠመጠመው ክር ገና አልጠበቀም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ምት ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል። ክሩ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይገጠም። በእንዝርቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብቻ ይጠምጠም፤ ዙሩ ሲበዛ የሚላላው ክፍል ይበዛል። ከተገጠመ በኋላ እያንዳንዱን ክር በመሐሉ ይዞ በቀስታ ወደ ላይ መሳብ፣ እንደገና መቃኘት፣ ደግሞ መሳብ ያስፈልጋል። ስቦ ከለቀቀው በኋላ ቅኝቱ ካልተለወጠ ክሩ ተረጋግቷል ማለት ነው።

አሮጌ ክር ደግሞ ሌላ ችግር አለው። የጣት ላብና ቅባት፣ አቧራና ዝገት በክሩ ላይ ይከማቻሉ፤ ግን የሚከማቹት ጣት በብዛት በሚያርፍበት ቦታ እንጂ በእኩልነት አይደለም። ከላይ እንዳየነው ድምፁን ከሚወስኑት መጠኖች አንዱ የክሩ መጠነ ቁስ ነው። ክሩ በአንድ በኩል ከብዶ በሌላው ከቀለለ፣ ባዶውን ሲመታ በቅኝት የነበረው ክር ፍሬት ላይ ሲጫን ከቅኝት ይወጣል። ይህንን ማንም ጆሮ በመቃኘት አያስተካክለውም፤ መድኃኒቱ ክሩን መለወጥ ብቻ ነው። እጅን ታጥቦ መጫወትና ከተጫወቱ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የክሩን ዕድሜ ያራዝመዋል። የክር ዋጋ ለሚከብደው ተማሪ ይህ ልማድ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ሲቃኙም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው። ክሩ ከሚፈለገው ድምፅ ካለፈ መልሶ ከሚፈለገው በታች ዝቅ ማድረግና እንደገና ወደ ላይ ማውጣት ይገባል። ክሩን እያላሉ ድምፁ ላይ ካቆሙት፣ በመቃኛው ጥርስ ውስጥና በአንገቱ ጫፍ ባለው ቦይ ላይ ያልተጎተተ ትርፍ ክር ይቀራል፤ ያም ትርፍ በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይለቀቅና ድምፁን ይጥለዋል። ሲቃኙ «ጭር» የሚል ድምፅ ከተሰማ ክሩ በቦዩ ውስጥ ተይዟል ማለት ነው። ክሩን አላልቶ ቦዩን በተራ እርሳስ ጫፍ መቀባት ይጠቅማል፤ የእርሳሱ ግራፋይት ሰበቃን ይቀንሳልና።

ፍሬቶቹ የሚሰጡንና የሚነፍጉን

ክራርን ያየ ሰው ፍሬት እንደሌለው ያውቃል። እያንዳንዱ የክራር ክር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ተጫዋቹ ክሮቹን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ወደሚለው ቅኝት በጆሮው ያመጣቸዋል፤ ቅኝቱ ሲለወጥም ክሮቹን ዳግም ይቃኛል። ጊታር ከዚህ በተለየ መንገድ የተሠራ ነው። በአንድ ቅኝት ሁሉንም እንዲጫወት ተፈልጎ ኦክታቩ በ12 እኩል ክፍሎች ተከፍሏል።

የፍሬቶቹ ቦታ የሚገኘው በአንድ ቁጥር ነው። የቀረውን የክር ርዝመት ለ17.817 ማካፈል የሚቀጥለውን ፍሬት ርቀት ይሰጣል። 650 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ክላሲካል ጊታር 1ኛው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ 36.5 ሚሊሜትር ይርቃል፤ 12ኛው ፍሬት ደግሞ በትክክል መሐል ላይ፣ 325 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ፍሬቶቹ ወደ ገላው ሲጠጉ የሚቀራረቡት ለዚህ ነው።

ይህ እኩል ክፍፍል ግን ስምምነት እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ሁለት ድምፆች ድግግሞሻቸው እንደ 5 ለ 4 ባለ ንጹሕ ጥምርታ ሲዛመድ ጆሮ «ያረፈ» ሆኖ ይሰማዋል። ከዶ እስከ ሚ ያለው ንጹሕ ርቀት 386 ሴንት ሲሆን፣ ፍሬቱ የሚሰጠን 400 ሴንት ነው፤ 14 ሴንት ይተርፋል። ከዶ እስከ ሶል ያለው ንጹሕ ርቀት ደግሞ 702 ሴንት ሲሆን የፍሬቱ 700 ነው፤ ይህ የማይታወቅ ያህል ትንሽ ነው።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። ጊታሪስቱ የሚ ሜጀር ኮርድ ይዞ፣ ኮርዱ «እስኪያርፍ» ድረስ 3ኛውን ክር በጆሮው ዝቅ ያደርገዋል። ኮርዱ እውነትም ያምራል። ወዲያው ወደ ዶ ሜጀር ሲሸጋገር ግን ያው ክር በባዶው ሲመታ ዝቅ ብሎ ይሰማል። እንደገና ያስተካክለዋል፤ የመጀመሪያው ይበላሻል። ይህ የጆሮ ድክመት አይደለም፤ እንዲያውም የጥሩ ጆሮ ምልክት ነው። ኮርድ እየቀያየረ የሚጫወት ሰው ሁሉንም ኮርዶች በእኩል ጥቂት በሚያጎድለው በእኩል ክፍፍሉ መርካት አለበት።

በ5ኛውና በ7ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በመንካት በሚገኙት የፉጨት መሰል ድምፆች መቃኘትም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። እነዚህ ድምፆች ንጹሕ ጥምርታዎች ስለሆኑ በእያንዳንዱ ክር ሁለት ሴንት ያህል ይሳሳታሉ። ከ6ኛው ክር ተነሥተን 3ኛው ስንደርስ ስሕተቱ ስድስት ሴንት ይሆናል። 2ኛውን ክር ደግሞ ከ6ኛው ክር የ7ኛ ፍሬት ድምፅ ጋር ካስማማነው በሁለት ሴንት ከፍ ይላል። በመሆኑም በ3ኛውና በ2ኛው ክር መካከል ያለው ርቀት 408 ሴንት ይደርሳል፤ ከንጹሑ በ22 ሴንት ይበልጣል። ጊታሪስቱ እያንዳንዱን እርምጃ በትክክል ፈጽሞ ውጤቱ ሲጎረብጥበት ይገረማል። መፍትሔው እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ከአንድ መነሻ ጋር፣ ለምሳሌ ከኤሌክትሮኒክ መቃኛ ወይም ከኪቦርድ ጋር ማስማማት ነው።

የራሳችንን ቅኝቶች በጊታር ለሚጫወቱ አንድ ጠቃሚ ዕድል አለ። በዶ የተመሠረተው ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። ዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእነዚህ አምስት ድምፆች ውስጥ የሚቆይ ከሆነና ሚ የሚገኘው በባዶው በሚመታ 1ኛ ክር ብቻ ከሆነ፣ ያንን ክር በጥቂት ሴንት ዝቅ አድርጎ ወደ ድምፃዊው ማስጠጋት ይቻላል። የክራር ተጫዋች ዘወትር የሚያደርገውን ጊታሪስቱ ለአንድ ዜማ መዋስ ይችላል ማለት ነው። ከኪቦርድ ጋር ሲጫወት ግን ይህን አይሞክር፤ ኪቦርዱም በእኩል ክፍፍል የታሰረ ነውና ሁለቱ ይጋጫሉ። ክራርና ማሲንቆ ባሉበት ባንድ ደግሞ ሁሉም በአንድ መነሻ ድምፅ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ይቃኙ።

የጣት ኃይልና የመምቻው ቦታ

ክርን በፍሬት ላይ ስንጫን ርዝመቱን እናሳጥራለን፤ በዚያው ግን ክሩን ጥቂት ስለምንወጥረው ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ይህን ለማካካስ ክሩ በጊታሩ ገላ ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ከስሌቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይደረጋል። ትክክል መሆኑን መፈተኛው እነሆ፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በመንካት የሚገኘውን ድምፅና በዚያው ፍሬት ተጭነው የሚያገኙትን ድምፅ ያነጻጽሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ማረፊያው ወደ ኋላ ይሂድ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይምጣ። በኤሌክትሪክ ጊታር ይህ በትንሽ ብሎን ይስተካከላል። ፍተሻው በአዲስ ክር መደረግ አለበት፤ በአሮጌ ክር የሚገኘው ውጤት ያሳስታልና።

ጀማሪ ተማሪ ክሩን ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ይጫናል። ጣቱ ይታመማል፤ ድምፁም ከፍ ይላል፤ በተለይ ከላይ ባየነው ምክንያት 3ኛው ክር ይከዳዋል። ጣት ከፍሬቱ ብረት አጠገብ፣ ከኋላው ሲያርፍ ትንሽ ኃይል ይበቃል። የሚያስፈልገውን ኃይል ለማወቅ ክሩን በጣም በቀስታ ነክቶ እየመቱ ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ጥቂት በጥቂት መጫን ጥሩ ልምምድ ነው።

በቀኝ እጅም በኩል ቦታ ይወስናል። ክሩ በመሐሉ ሲመታ የድምፁ ሙሉ ቁጥር ጥንዶች፣ ማለትም 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ተጓዳኝ ሞገዶች ይጠፋሉ፤ ድምፁም ክብና ለስላሳ ይሆናል። ወደ ክሩ ማረፊያ ሲጠጉ ተጓዳኝ ሞገዶቹ ይበዛሉ፤ ድምፁም ይሰላል። በመድረክ ላይ ድምፁ ታፍኖ ከተሰማው ጊታሪስቱ ወደ ማሽኑ ከመሮጡ በፊት እጁን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ያንቀሳቅስ። በኃይል የተመታ ክርም በመጀመሪያው ቅጽበት ከፍ ብሎ ይነሣና ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሲቃኙ የሚመቱት በሚጫወቱበት ኃይል መሆን አለበት።

የኤሌክትሪኩ ጉምጉምታና የሚገድለው «መፍትሔ»

እስካሁን የተናገርነው ክርና እንጨት ብቻ ነበር። መድረክ ላይ ግን አብዛኛው ጊታር ከኤሌክትሪክ ጋር ይገናኛል። ፒክአፕ የሚባለው ክፍል በማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የብረቱ ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። ናይለን ክር በዚህ ዓይነት ፒክአፕ የማይሰማው ማግኔቱን ስለማይነካው ነው።

ያው ሽቦ ግን በአዳራሹ ያለውን የመብራት መስመር መስክም ይቀበላል። በአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ በ50 ሄርዝና በእጥፎቹ የሚሰማ ጉምጉምታ ይፈጠራል። ሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙና ማግኔታቸው የተገለበጠ ሽቦዎችን የያዘ ፒክአፕ፣ የክሩን ድምፅ ደምሮ ጉምጉምታውን ያጣፋዋል። ተራ ፒክአፕ ያለው ሰው ደግሞ ከማሽኑና ከመብራት መቆጣጠሪያው ራቅ ብሎ፣ የጊታሩን አቅጣጫ እያዞረ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይፈልግ።

እጅግ አደገኛው «መፍትሔ» የማሽኑን የመሬት መስመር መቁረጥ ነው። ባለሙያዎች «ግራውንድ» የሚሉት ይህ መስመር ሲቆረጥ ጉምጉምታው አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ የስፒናውን ሦስተኛ እግር የሚያነሡ ወይም የመሬት መስመር በሌለው ማከፋፈያ የሚሰኩ አሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች በብረቱ ማረፊያ በኩል ከማሽኑ ገላ ጋር የተገናኙ ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠርና የመሬት መስመሩ ቢቋረጥ፣ 220 ቮልት በቀጥታ ክሮቹ ላይ ይመጣል። ጊታሪስቱ እጁ በክሩ ላይ እንዳለ ከንፈሩን በሌላ ማሽን ወደ መሬት ወደተገናኘው ማይክሮፎን ሲያስጠጋ ኤሌክትሪኩ በደረቱ በኩል ያልፋል። የልብን ምት ለማዛባት በሺሕ የሚከፈሉ ጥቂት አሥርት የአምፔር ክፍልፋዮች ይበቃሉ። ይህ በወሬ የሚነገር ብቻ አይደለም፤ ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በስዋንሲ ከተማ በመድረክ ላይ እያለ መሬት በአግባቡ ያልተገናኘ ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

ስለዚህ የባንዱ ማሽኖች ሁሉ የመሬት መስመር ካለው አንድ የኃይል ምንጭ ይሰኩ። መስመሩ በትክክል መሥራቱን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይመርምር፤ ጄኔሬተር ሲኖርም ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ክሩ ወይም ማይክሮፎኑ ጥቂት እንኳ ከነዘረ ዝግጅቱ ይቁም፤ «ትንሽ ናት» ተብሎ አይታለፍ። አንድ ሰው ከተያዘም በእጅ አይነካ፤ መጀመሪያ ኃይሉ ይጥፋ።

ጆሮ መለዋወጫ የለውም

የመጨረሻው ጉዳያችን ድምፁ ራሱ ነው። የውስጥ ጆሮ ትንንሽ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ከተጎዱ ተመልሰው አይበቅሉም። በብዙ የሙያ ጤና መመሪያዎች መሠረት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚፈቀድ መጠን ነው፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ለአንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ለ15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለሙዚቃ አዳራሾች ያስቀመጠው ጣሪያም በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው።

ባንድ ውስጥ ጩኸት የሚጀምረው አንዱ ራሱን ለመስማት ማሽኑን ሲያንር ነው፤ ከዚያ ሌላውም ያንራል። ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ጉልበቱን ከሚያናግር፣ ጊታሪስቱ ወደ ጆሮው አቅጣጫ ቀና ቢያደርገው በትንሽ ድምፅ ራሱን ይሰማል። በአኩስቲክ ጊታር ደግሞ ድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት መቆም ጩኸቱ ወደ ጊታሩ ተመልሶ «ዉ...» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ያስነሣል። የጊታሩ ገላ ውስጥ ያለው አየር በ100 ሄርዝ አካባቢ በቀላሉ ስለሚርገበገብ፣ ከመቀላቀያው ላይ በዚያ አካባቢ ያለውን ድምፅ ጥቂት መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከልምምድ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት ሰው ምልክቱን እንደ ልማድ አይቁጠረው፤ የጆሮ መሰኪያ ይጠቀም፤ ጩኸቱ ካልጠፋም ሐኪም ይመልከተው።

ከመድረክ በፊት

እስካሁን ያልነውን በአጭሩ እንሰብስብ።

1. ክር ከአንድ ቀን በፊት ይገጠም፤ ተስቦም ይረጋጋ።
2. ጊታሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት በአዳራሹ ውስጥ ይውጣ፤ በመብራቱ ሥር ተመቶ ይቃኝ።
3. ቅኝቱ ከታች ወደ ላይ፣ በአንድ መነሻ፣ በሚጫወቱበት ኃይል ይሁን።
4. በዜማ መካከል ችግር ከመጣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው 3ኛው ክር ነው፤ ሁሉንም ክር አይነካኩ።
5. የመሬት መስመሩ ሳይመረመር ማንም ክርና ማይክሮፎን በአንድነት አይንካ።
6. ድምፁ ከመጨመሩ በፊት የማሽኑ አቅጣጫ ይስተካከል።

ያ ጊታሪስት በማግስቱ ጊታሩን ሊሸጥ አስቦ ነበር። ጊታሩ ግን በደል አልነበረበትም፤ የብረት ጠባይ በመብራት ሥር እንደሚገባው ሠራ እንጂ። ሳይንስ ዜማ አይፈጥርልንም፤ ጣትንም አያፍታታም። ጥፋቱ የማን እንደሆነና የማን እንዳልሆነ ግን ይነግረናል። ይህም ለሚቀጥለው ልምምድ ልብን ነፃ ያደርጋል። መልካም ልምምድ!